ገጹ ይሠራል፣ ቦታ የለም

የቴክኒሻኑ ሥራ ድረ ገጾች እንዳይተኙ መጠበቅ ነው። እሱ ራሱ እንቅልፍ ከጠገበ ቆይቷል።

ከሚጠብቃቸው አንዱ የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ማስያዣ ገጽ ነው። አንድ ሰሞን ገጹ እየተከፈተ ቀጠሮ ግን አልይዝ ብሎ ሰው ሁሉ ጮኸ። ስለዚህ ገጹ መሥራቱን የሚፈትሽለትን የመሞከሪያ ፕሮግራም አሻሻለው። አሁን በር አንኳኩቶ ብቻ አይመለስም፤ በየጥቂት ደቂቃው እንደ ማንኛውም ታካሚ ገብቶ፣ ቅጹን ሞልቶ፣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ቅጹ ስምና የልደት ዘመን ሲጠይቅ፣ ቴክኒሻኑ ደክሞት ስለነበር በቃሉ የሚያውቀውን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ «ይሠራል» እያለ አረንጓዴ ነው። አለቃውም አመስግኖታል።

ጣጣው ያለው ቤት ነው። የእናቱ አንድ ዓይን ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ሳይከተል ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባቸው። ማለዳ ማለዳ ስልኩን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ይሞክራሉ። መልሱ ያው ነው፦ ቦታ የለም።

«ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?»

«ኧረ እማዬ፣ ገጹ ይሠራል። አሁን አየሁት።»

«እንግዲያው ያቺ የክሊኒኩ መዝጋቢ ለወገኖቿ እያደለችው ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!»

እሱም የጠረጠረው ይህንኑ ነበር። ቢደውልላት «ሞልቷል» ብላ ዘጋችበት። ሊጣላት ፈልጎ ነበር፤ ግን ጠብም ጉልበት ይጠይቃል።

እናቱ ስኳር መስሏቸው ሻይ ውስጥ ጨው የጨመሩ ዕለት በቃኝ አለ። ከሥራ አስፈቅዶ፣ ክንዳቸውን ይዞ ክሊኒኩ ሄደ። መጠበቂያው ክፍል ወና ነበር። ሐኪሙ በራቸውን ከፍተው ጋዜጣ ያነባሉ።

መዝጋቢዋ ላይ ጮኸባት። «ሞልቷል የምትይው ይሄ ነው? የታሉ ዘመዶችሽ?»

መዝጋቢዋ የመቆጣት አቅም እንኳ አልነበራትም። «ምነው ዘመዶቼ በሆኑ፤ ጎትቼም አመጣቸው ነበር! ቀጠሮው ሁሉ ይያዛል፣ የሚመጣ ሰው ግን የለም። ታካሚ የለም ተብሎ ሐኪሙም ሊዛወሩ ነው። ለማንኛውም፣ የእናትህ ስም ማን ነው?»

ነገራት።

ከወንበሯ ተነሥታ አሮጊቷን ትክ ብላ አየቻቸው።

«በስንት ጊዜዎ መጡ እማማ! ቦታውን ሁሉ በየቀኑ የሚይዙት እኮ እርስዎ ነዎት።»