የካውያ ክፍሉ ወንበር

«ወንድ ነው ሴት?» አለች በወሬኛነቷ «ሬዲዮ» የሚሏት፣ ሰንበሌጥ ገና የካውያ ክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ከመግባቷ።

«አንቺ ደግሞ! በሽንት ምርመራ ወንድና ሴት ይለያል እንዴ?» አለቻት ሁሉም «አክስቴ» የሚሏት ሴት፣ ካውያዋን በሸሚዝ ኮሌታ ላይ እያንሸራተተች። «ነይ የኔ እናት፣ መጀመሪያ አረፍ በይ።»

ሰንበሌጥ ከፋብሪካው ክሊኒክ እዚህ ድረስ ያለውን ደረጃ ሁለት ጊዜ ቆም ብላ ነው የወጣችው። ወንበሩን አየችው። አልተቀመጠችም።

በክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር እሱ ብቻ ነው። ስድስቱም ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቆመው ሸሚዝ ይተኩሳሉ፤ ወንበሩ የነፍሰ ጡር ነው። ያረገዘችው ቁጭ ብላ የተተኮሰውን ታጥፋለች፣ የእሷን ድርሻ ሌሎቹ ተካፍለው ይተኩሱላታል። ይህን ደንብ ያወጡት ሴቶቹ ራሳቸው እንጂ አለቆቹ አይደሉም።

ማን እንዳረገዘችም ሳይነገራቸው ያውቃሉ። በመስኮቱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ የጋራ ሞዴስ ይቀመጣል፤ የወር አበባዋ የመጣ ታነሣለች። ሰንበሌጥ ሁለት ወር ሙሉ መሳቢያውን እንዳልነካች ያስተዋለችው ሬዲዮ ነበረች፤ ሬዲዮ ያየችውን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ሳይሰማ አይውልም። በማግስቱ ወንበሩ ሰንበሌጥ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ጠበቃት። «አርግዣለሁ» አላለችም። «ኧረ እኔ የለሁበትም» አላለችም። እግሯ አብጦ ነበርና ዝም ብላ ተቀመጠች። ይኸው አምስት ሳምንት ሆናት። ትናንት አክስቴ «ክትትል ጀምሪ እንጂ!» ብላ ባትቆጣት ኖሮ ዛሬም ክሊኒክ ባልሄደች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች ሬዲዮ። «መንታ ነው እንዳትዪን ብቻ፣ ክንዴ አልቋል።»

«ጽንስ የለም።»

አክስቴ ካውያዋን ከኮሌታው ላይ አነሣች።

«የለም ማለት… ወረደ?» አለች አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሰንበሌጥ አዎ ማለት ትችል ነበር። አዎ ብትል ያለቅሱላታል፣ ወንበሩንም ለጥቂት ቀን ይተዉላታል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል።

«አልነበረም። ከመጀመሪያውም አልነበረም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንን ተሸክመን ነው የከረምነው?» አለች ሬዲዮ። አሁን ቀልዷን አልነበረም።

«እኔን» አለች ሰንበሌጥ። ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ካውያዋን አነሣች። አንድ ሸሚዝ ስባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

አክስቴ ጠረጴዛዋን ትታ መጣችና ካውያውን ተቀበለቻት። «ቆይ፣ ታዲያ የወር አበባሽ ምን ሆኖ ቀረ? ነርሷ ምን አለች?»

«ምን ያላለችው አለ። መጀመሪያ ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ ከአምናው ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ። ስንት ሰዓት ትተኛለሽ አለችኝ። እናቴ አልጋ ከያዘች ጀምሮ ሌሊት ሦስቴ ተነሥቼ እንደማገላብጣት ነገርኳት። ምሳ ምን ትበያለሽ አለችኝ። ትልቁ የሸሚዝ ትእዛዝ ከመጣ ወዲህ የምሳ ሰዓታችን ሩብ ሰዓት ነው፣ ቆሜ ዳቦ እጎርሳለሁ አልኳት።» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ሰውነት ስንቁ ሲያልቅበት ይሄን ቶሎ ነው የሚያቋርጠው አለችኝ። ድካምም፣ ረሃብም፣ ሐሳብም ያስቀረዋል አለች። አንገት ላይ ያለው ዕጢ ሲታመምም ይቀራል፣ ወይ ደግሞ ከማህፀን በኩል የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል። ለዚያ ነገ ደም እሰጣለሁ። ብቻ ሦስት ወር ከቀረ ዝም አይባልም ብላ ተቆጣችኝ።»

አክስቴ ካውያውን ይዛ እንደቆመች ቀረች። «እኔ እኮ ዕድሜ ነው ብዬ ነው የተውኩት» አለች።

«ምኑን?»

«የወር አበባዬን ነዋ። ከትልቁ ትእዛዝ ወዲህ አይቼው አላውቅም።»

«ቆይ ስንት ዓመትሽ ነው ግን?» አለች ሬዲዮ።

«አርባ አንድ።»

«ውይ አክስቴ! እኔ ስልሳ አድርጌሽ!»

ማንም አልሳቀላትም። ራሷም አልሳቀችም።

ከጥግ በኩል ሙሽሪት ጉሮሮዋን ጠረገች። አምና ያገባች፣ በቀን ሦስት ቃል የማይወጣት ልጅ ናት። «እኔም ከቀረብኝ አራተኛ ወሩ ነው» አለች።

«ሂጂ ወዲያ! በቀደም ከመሳቢያው ስታነሺ አይቼሻለሁ!» አለች ሬዲዮ።

«እንድታዪኝ ነው ያነሣሁት። ቤት ተከምሯል።» ሙሽሪት ዓይኗን ከሸሚዙ አላነሣችም። «ውጭ ተመርምሬ የለም ብለውኛል። እናንተ ደግሞ እኔን አርግዛለች ብላችሁ ሰንበሌጥን ከወንበሩ እንዳታስነሷት ብዬ ነው። ወንበሩ አንድ ነው። እሷም ስትታይ ታሳዝናለች።»

ሰንበሌጥ አምስት ሳምንት ሙሉ የሙሽሪትን ጀርባ እያየች ነው ሸሚዝ ያጠፈችው። «ይቺ ልጅ ስትታደል፣ አይደክማት» እያለች በሆዷ ቀንታባታለች።

በር አጠገብ የሚተኩሱት የቀሩት ሁለት ሴቶች ተያዩና አቀረቀሩ።

ሬዲዮ ግራ እጇን ዓይኖቿ ፊት ዘርግታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እሷም ወሮቿን ትቆጥራለች። አውራ ጣቷን አጠፈች። ቀጥላ ሌባ ጣቷን። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አሰበች፤ አጠፈችው።

ከአንዱ ጠረጴዛ የሚያር ጨርቅ ሽታ መጣ። ከማን እንደሆነ ለማየት ማንም ዞር አላለም።