የተሰፋው ኪስ

ልጇ የቀብር ኢንሹራንስ ሊያማርጥላት ከተነሣ ወዲህ፣ አሮጊቷ ልብስ ሰፊ እንደ ገበያ በግ መዳበስ አንገፍግፏታል። የመጀመሪያው ወኪል ዕድሜዋን ሲሰማ ዓረቦኑን ሰማይ ሰቀለው። ሁለተኛው፣ ቶሎ ከሞተች ድርጅቱ እንደማይከፍል ፈገግ ብሎ አስረዳት። ዛሬ ሦስተኛው መጣ፤ ለግላጋ ወጣት፣ አፈ ቅቤ።

«እማማ፣ የእኛ ርካሽ ነው። የጤና ምርመራም አንጠይቅዎትም።»

«ይሄ ይሻላል እማዬ» አለ ልጇ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

«ለማን ነው የሚሻለው? ለሚከፍለው ነው ለምትሞተው?»

ልጇ ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ። እሷም ዓይኗ የወኪሉ ኮት ላይ ቀርቶ ነበር። የአዝራሩ ቀዳዳ በእጅ የተጠለፈ ነው። ሰው የእጁን ሥራ አይስትም። ከዚያ ግራጫ ጨርቅ የሰፋችው አንድ ኮት ብቻ ነው፤ አምና ባሏ ለብሶት የተቀበረው። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ደሞዙን ደረት ኪሱ ውስጥ ሲደብቅባት፣ ልጁን በመርፌዋ ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ ሬሳውን ከማልበሷ በፊት ያንን ኪስ በድርብ ክር ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው። «እስቲ አሁን ደብቅ!» ብላ።

ወጣቱ ማስረዳቱን ጨረሰና እስክሪብቶውን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። አልገባለትም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ፈገግታው የለም።

«አንቺ ቂመኛ» አላት በሻከረ የሽማግሌ ድምፅ፣ «አንዲት ኪስ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት?»

ልጇ ገና ያኔ ዓይኑን ከስልኩ ነቀለ።

«አባዬ?»