የፊሎሜና ቤት ጣሪያ

ዶሪን ፓቼኮ የመሰላሉን አራተኛ እርከን ስትረግጥ ጠበቃው ስልኩን ከጆሮው አላቀቀ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ጣሪያውን ልይ ነዋ።»

«ማን እዪ አለሽ? ፈርሚ ነው ያልኩሽ!»

ለፍርድ ቤት የሚቀርበው የዋጋ ግምት ወረቀት ኪሷ ውስጥ ተሸጉጧል። ጠበቃው ግራንት ሆልብሩክ ራሱ አርቅቆ፣ ራሱ አትሞ ነው ያመጣላት፤ የጎደለው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። የቤቱ ጣሪያ በስብሷል፣ ማንም አይጠግነውም፣ ባለበት ይሸጥ ይላል። ከሥሩ የተጻፈው ዋጋ ለቤት ሳይሆን ለላም በረት የሚሰጥ ዓይነት ነው። ገዢው እንኳ አልቀረም፤ የግራንት የጎልፍ ጓደኛ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሟቾችን ቤት የሚልክላት ግራንት ነው። እሱ ፍርድ ቤት ሲመላለስ እሷ ቁልፍ ታስቀይራለች፣ የሟቹን ልብስና ዕቃ ታስወጣለች፣ የተዘጋ ቧንቧ ታስከፍታለች፣ ዋጋ ገምታ ትሸጣለች። በከተማቸው በቱርሎክ ብዙ የቤት ደላላ አለ፤ የለቅሶ ቤት ችሎ የሚሠራ ግን ጥቂት ነው። እንጀራዋ ከዚህ ሰውዬ እጅ እንደሚወጣ ሁለቱም ያውቁታል።

መሰላሉን ከታች ግጥም አድርገው የያዙት የሟች የፊሎሜና ወንድም አርሚንዶ ሲልቬራ ናቸው። በሰፈሩ ያለ የፖርቱጋል ልጅ ሁሉ «ቲዮ» ይላቸዋል፣ አጎት ማለት ነው። ላም ማለብ ካቆሙ ጀምሮ ከእህታቸው ጋር እዚሁ ኖረዋል። ኑዛዜው ግማሹን ለእሳቸው፣ ግማሹን ሬኖ ከተማ ለሚኖረው የፊሎሜና ልጅ ሰጥቷል። ልጁ ቶሎ ይሸጥልኝ ብሎ ጉዳዩን ለግራንት ጥሎታል። ቤቱ በደህና ዋጋ ከተሸጠ የቲዮ ድርሻ እዚሁ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከካርታ ጓደኞቻቸው አጠገብ አነስ ያለች ቤት ትገዛላቸዋለች። በግራንት ዋጋ ከተሸጠ ግን አሮጌ ተጎታች ቤት እንኳ አትገዛም። በሰባ ስድስት ዓመታቸው መንገድ ላይ ወጡ ማለት ነው።

«ብትወድቂ እኔ የለሁበትም!» አለ ግራንት።

«ከመቼ ወዲህ ኖረህበት ታውቃለህ?» አለችና ጣሪያው ላይ ወጣች።

ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከፍታ ደግሞ ከልጅነቷም አትወድም። ጎንበስ ብላ እየዳበሰች ዞረች። የጣሪያው ንጣፍ ጥብቅ ነው፤ ቲዮ የዛሬ ሁለት ዓመት በበጋ ከደብሩ ሰዎች ጋር የመቱት ምስማር አንዱም አልተነቀነቀም። ጭስ ማውጫው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ አንዷ ንጣፍ ተነቅላለች።»

«አየሽ!» አለ ግራንት።

«አንድ ጥርስ የወለቀበት ሰው ሞተ ይባላል?» አለችና መሐሉ ላይ ቆማ ዘለለች። ደግማ ዘለለች። «ስማ! የበሰበሰ ነገር እንዲህ ነው የሚጮኸው?»

ቲዮ ከት ብለው ሳቁ። ግራንት አልሳቀም። ወደ ግድግዳው ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዶሪን፣ የሟቿን መምህር ቤት ወረቀት ስትፈርሚ መሰላል አልጠየቅሽም። የወንድማማቾቹንም እንደዚሁ። ዛሬ ምን መጣ?»

ቲዮ ሳቃቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩዋት። ዶሪን ፊቷ ጋለ። የሁለቱንም ቤቶች ወረቀት ከመኪናዋ ሳትወርድ ነው የፈረመችው። የሕግ ሰው ነው፣ እሱ ያውቃል ብላ ራሷን አሞኝታ ነበር። የመምህሯ ቤት በሦስት ወሩ ቀለም ተቀብቶ በእጥፍ ሲሸጥ ባየች ጊዜ፣ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወች።

«እውነቱን ነው፣ ቲዮ» አለች ጮክ ብላ። «ፈርሜያለሁ። ሁለት ጊዜ። አፍሬበታለሁ፤ ዛሬ የወጣሁትም ለዚህ ነው።»

ሽማግሌው መሰላሉን አለቀቁም።

«ከነገ ጀምሮ አንድ ቤት አታገኚም» አለ ግራንት። «የዚህ አገር ጠበቃ ሁሉ ስልክሽን እንዳያነሳ ነው የማደርገው።»

«አያንሳ! አንተ ግን ና ውጣ። የበሰበሰውን ቦታ በጣትህ አሳየኝ፣ እዚሁ እፈርምልሃለሁ። ባባቴ ስም ምዬልሃለሁ።»

ግራንት የሚያብረቀርቅ ጫማውን የመጀመሪያው እርከን ላይ አሳረፈ።

«ውጣ እንጂ፣ ጎበዝ!» አሉት ቲዮ። «እኔ ይዤልሃለሁ።»

ጠበቃው ወደ ላይ አየ፤ ሽማግሌውን አየ። እግሩን መለሰና ሶሉን በሣሩ ጠረገ።

«ፍርድ ቤት የሚያምነው ወረቀት ነው፣ ዶሪን።»

«እኔስ ምን አልኩ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለዚህ ነው ውሸት የማላስይዘው።»

የመኪናው በር ጓ ብሎ ተዘጋ። የግራንት መኪና በለውዝ ዛፎቹ መካከል እስኪሰወር ድረስ ሁለቱም በዓይናቸው ሸኙት። ዶሪን ያኔ ፈራች። የቤት ኪራይዋን አሰበች፣ አሥራ አንዱን ዓመት አሰበች፣ ቁጭ አለች።

«ሄዷል፣ ውረጂ እንግዲህ» አሉ ቲዮ።

«ቆይ፣ ከወረድኩ ሐሳቤን እቀይር ይሆናል። የሚጽፍ ነገር አለዎት?»

ቲዮ ከጆሯቸው ጀርባ የአናጢ እርሳሳቸውን አውጥተው፣ ሦስት እርከን ወጥተው አቀበሏት። የግራንትን ወረቀት ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «ለፍርድ ቤቱና ለሁለቱም ወራሾች» ብላ የራሷን ግምት መጻፍ ጀመረች። ጉልበቷ ላይ ስለምትጽፍ ፊደሉ እንደ ልጅ ጽሕፈት ተወላገደ።

«ጭስ ማውጫው ጋ የተነቀለችዋንም ጻፊ» አሉ ቲዮ ከታች። «ነገ እመታታለሁ፣ ግን ጻፊ።»

«እጽፋታለሁ።»

«ምን ብለሽ ጀመርሽ?»

ዶሪን አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ አነበበችላቸው።

«ይህን የምጽፈው ጣሪያው ላይ ተቀምጬ ነው።»