ኖህ እየጻፈ ነው

«ጽጌ፣ ነይማ ቶሎ፤ አረንጓዴው በርቷል።»

ጽጌረዳ የእጇን የሳሙና አረፋ በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። እናቷ ወይዘሮ ደሳለች ከቁስቋም ቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለዋል። እውነትም ከወንድሟ ከኖህ ስም አጠገብ መስመር ላይ መሆኑን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት በርታለች።

ኖህ ነርስ ነው። የተመደበበት ወረዳ ተኩስ ተሰምቶ ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ ድምፁን ሰምተው አያውቁም።

እናቷ የሚያዩትን የመልእክት መለዋወጫ ገጽ የሠራችው ጽጌረዳ ናት። ለሱቆችና ለእንግዳ ማረፊያዎች ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዋ ነው፤ ይህን ግን ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው ለእናቷ ብላ ነው። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ መልእክት ሲመጣ ማንም ሳይነካው በራሱ ከች ይላል። ወይዘሮ ደሳለች መነጽራቸውን ካደረጉ ማንበቡ አይከብዳቸውም፤ መጻፉ ነው የሚያቅታቸው።

አንዲት መስመር ብቅ አለች።

«እማዬ አለሽ?»

«አለሁ በይው፤ አለሁ በይው ልጄን» አሉ።

ጽጌረዳ ጽፋ ላከች። ወዲያው ከታች «ኖህ እየጻፈ ነው» የሚል ወጣና ሦስት ነጥቦች ተራ በተራ መዝለል ጀመሩ።

ወይዘሮ ደሳለች መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ጽጌረዳም ከኋላቸው ቆማ ጠበቀች። ከታች ከመንገዱ የታክሲ ረዳት «ሽሮ ሜዳ፣ ሽሮ ሜዳ» እያለ ይጣራል። ነጥቦቹ ይዘላሉ። ሌላ ታክሲ መጥቶ ሞልቶ ሄደ። ነጥቦቹ አሁንም ይዘላሉ።

ጽጌረዳ በእናቷ ትከሻ ላይ አጎንብሳ፣ ከገጹ ጋር የተገናኘውን ሰው የሚያሳየውን ሌላ መስኮት ከፈተች። እነሱ ብቻ ናቸው ያሉት። የኖህ መስመር ከተቋረጠ ቆይቷል። «አለሁ» የሚለውም አልደረሰውም።

ነጥቦቹን ታውቃቸዋለች። ከኖህ ስልክ የሚመጣው «መጻፍ ጀምሯል» የሚል አንድ ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚዘሉት እዚሁ፣ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አቁሙ የሚል ሌላ ምልክት ከእሱ እስኪመጣላቸው ድረስ። መስመር ሲቆረጥስ እነሱም መብራቷም ምን ይሁኑ የሚለውን አላሰበችበትም ነበር።

«እማዬ፣ ተቋርጧል።»

«ይኸው እየጻፈ አይደል እንዴ?»

«እሱ አይደለም። ነጥቦቹ የሚንቀሳቀሱት እዚሁ ነው። እኔ ነኝ የሠራኋቸው።»

«አንቺ ሠራሻቸው፤ የሚጽፈው ግን እሱ ነው» አሉ ወይዘሮ ደሳለች፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ስንት ነገር ተጠራቅሞበት ይሆን፤ እንዴት ቶሎ ይጨርሰዋል?»

ጽጌረዳ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ማግኘት አይቻልም። ደግማ ደወለች፤ ያው ነው። ገጹን እንደ አዲስ ብትከፍተው መብራቷም ነጥቦቹም እንደሚጠፉ ታውቃለች። ያኔ እናቷ ያምኗት ይሆናል። እጇን ወደ ኪቦርዱ ሰደደች።

ወይዘሮ ደሳለች እጇን ያዙት። አልተቆጡም፤ ቀስ አድርገው ወደ ኋላ መለሱት እንጂ።

«ተይው ልጄ» አሉ። «ከነካሽው ይጠፋብኛል።»

ጽጌረዳ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጻፊለት እስቲ» አሉ እናቷ ቆይተው። «እዚሁ ነኝ በይው። የትም አልሄድም፣ አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ ጻፍ በይው።»

ጽጌረዳ አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ ጻፈችና ላከችው። ጽሑፉ «አለሁ» ከሚለው ሥር ገባ፤ እንደ እሱ ግራጫ ሆኖ፣ መድረሱን የሚያሳይ ምልክት ሳይኖረው።