ልብስ ሰፊው ለቪዲዮው ያሉት

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፣ እዚህም ጋ» አለ የገንዘብ አማካሪው፣ ወረቀቱን ወደ ሴትየዋ እያዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ የጋሼ ቁጠባ በእርስዎ ስም ይሆናል።»

ሴትየዋ እስክሪብቶውን ተቀበሉና ሳይፈርሙ ያዙት። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሟቹ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ ከሚስታቸው ጋር እዚህ ቢሮ ይመጡና ስለ ገንዘባቸው አምስት ደቂቃ፣ ስለ አማካሪው ኮት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያወራሉ። «ይሄን የሰፋልህ ሰው ምን በድለኸው ነው?» ይሉታል፣ ትከሻውን እየዳበሱ።

ዘንድሮ ግን አልመጡም። አማካሪው ለደንበኞቹ ቪዲዮ መላክ ጀምሮ ነበር። ከመቶ ሰው በላይ ነው የሚያማክረው፤ ጡረታ እንዴት እንደሚከፈል፣ ቁጠባ እንዴት እንደሚያድግ፣ ለሁሉም ያንኑ ሲደጋግም ምላሱ ይደርቃል። አንድ ቅዳሜ በሩን ዘግቶ ካሜራ ፊት ተቀመጠና ሁሉንም ቀዳው። ሥራው በግማሽ ቀለለት። ልጁን ከትምህርት ቤት ራሱ ማምጣት ጀመረ። ሚስቱም «አሁን ገና አገባሁህ» አለችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ» አሉ ሴትየዋ። «ያ የላክልን ቪዲዮ ይሰማል እንዴ?»

«ምን ይሰማል እትዬ?»

«ሰው ሲያናግረው።»

«አይሰማም። ተቀድቶ ያለቀ ነው።»

«እኔም ለጋሼህ እንደሱ ብዬው ነበር።» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ስትጀምር ‹እንደምን ከረሙ? ጤናዎስ?› ትል የለ? ይመልስልሃል። ‹ጤናው እንኳ የለም ልጄ› ይልሃል። ሰውዬ፣ አይሰማህም እኮ ስለው፣ ‹ጤናዬን የጠየቀኝን ሰው ዝም ልበለው?› አለኝ።»

አማካሪው ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። የጋሼን መታመም የሰማው ከሞቱ በኋላ ነው።

«አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከመኝታ ቤት ድምፁን ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስልኩን ትራስ አስደግፎ ያወራሃል። ‹ሐኪሞቹ አዲስ መድኃኒት ስድስት ወር እንሞክርልህ ይላሉ። ዋጋው አይቀመስም። ያለኝን ለሱ ካወጣሁት እሷ ከቤቷ ትወጣለች ወይ? ይቺን ብቻ ንገረኝ› አለህ። አንተ ስለ ወለድ ታወራለህ። እስክትጨርስ ጠበቀህ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተህና እንደገና ጠየቀህ።»

«ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?» ድምፁ ከፍ አለበት፤ ወዲያው ዝቅ አደረገው። «እኔ እኮ… ለጋሼ…»

«ደውልለት አልኩታ! ‹ጊዜ ቢያጥረው ነው እንጂ መች በቪዲዮ ያናግረኝ ነበር። ትንሽ ልጅ አለው፤ አልሻማውም› አለኝ። በማግስቱ ሕክምናው ይቅርብኝ አለ። ምነው ስለው፣ ‹መርፌ ሰለቸኝ› አለ። መርፌ! ዕድሜ ልኩን በመርፌ የኖረ ሰው!» ሴትየዋ ሊስቁ ነበር፤ ተዉት። «ቤቱ ይሸጥ ብለው ተቆጣኝ። አንድ ቀን ደብቄው ልደውልልህ ስልኩን አነሣሁ። ደግሞ ገንዘቡ አይበቃም ያለኝ እንደሆነስ ብዬ ፈራሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።»

ከውጭ ሰው ደረጃ ሲወጣ ይሰማል።

«ይበቃ ነበር?» አሉ።

አማካሪው ሕክምናው ስንት እንደነበር ጠየቃቸው። ነገሩት። ፋይሉ ፊቱ እንደተከፈተ ነው፤ ማሰቢያ ማሽኑን እንኳ አልነካውም። ልብስ ሰፊው ከእያንዳንዱ ሱሪና ቀሚስ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ አርባ ዓመት አጠራቅመዋል። አማካሪው ይከብድ ነበር ሊላቸው፣ ሐሳብ አይግባዎት ሊላቸው አፉን ከፈተ።

ሴትየዋ እጃቸውን አነሡ። «እንዳትዋሸኝ። ለማጽናናቱ ጎረቤት ሞልቶኛል።»

«ይበቃ ነበር» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ታክመውበትም ይተርፍ ነበር። ቤቱም አይነካም። እርስዎም አይቸገሩም ነበር።» «ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ መልስ ነበር፣ እትዬ» አለ።

ሴትየዋ አላለቀሱም። አልተቆጡትምም፤ ቢቆጡት በተሻለው ነበር። ከቦርሳቸው መነጽራቸውን አወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና አደረጉት።

«የቱ ጋ ነው የሚለው?»

«ምኑ?»

«ይበቃ እንደነበር። የቱ ጋ ነው? አሳየኝ።»

አማካሪው ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞሮ አጠገባቸው በርከክ አለ። የሴትየዋን ጣት ቀስ ብሎ ያዘና ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈላቸው። ቁጥሩን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

ጸሐፊዋ ቀጣዩ ደንበኛ መድረሱን ልትናገር በሩን ከፈተች። አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው።

ሴትየዋ ጣታቸውን ከቁጥሩ ላይ አላነሡም።