ካልጠራሁህ አትንካ

«ሌላ ሰው አልፈልግም። ከኋላዬ ኮልቢ ይቁም» ትላለች ያዲራ፣ ብረቱ እንዳያንሸራትታት ሁለት እጇን የጠመኔ ዱቄት የሞላው ባልዲ ውስጥ እየነከረች።

የክብደት ማንሻው ክፍል በሳቅ ይናጋል። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ከሂሳብና ከምሳ መሃል፣ የትምህርት ቤቱ ስፖርተኛ ሁሉ እዚህ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተሰብስቧል።

«ለኮልቢማ መጀመሪያ ካቴና አምጡለት!»

«ኧረ እጁን ኪሱ ውስጥ እንስፋለት!» ትላለች ብሪያና፣ የያዲራ ጓደኛ።

ኮልቢ ጆሮው ድረስ ይቀላል። በሬ የሚያህል ልጅ ነው፤ በአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ሦስት ሰው ተጋግዞ ቢገፋው ንቅንቅ አይልም። ሆዱ ግን ቡቡ ነው። ከብት ሲያረባ በኖረ ቤት ስላደገ፣ የሚወድቅ ነገር ካየ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል፤ የድርቆሽ እስር ይሁን ጥጃ ይሁን መቅለብ ነው። ባለፈው ሳምንት ጉድ የሠራውም ይኸው እጁ ነው። ያዲራ ብረቱን ትከሻዋ ላይ ተሸክማ፣ ቁጢጥ ብላ ስትነሳ መሃል ላይ ቆም አለች። አሳዘነችውና ከኋላዋ ብረቱን ያዘላት።

ከኋላ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ጣት ያረፈበት ክብደት አይቆጠርም። መዳፉን ሲገልጠው ከብረቱ የተጋባ ጠመኔ ነጭ አድርጎት ነበር። ያዲራ አልሰደበችውም። ፎጣዋን አንስታ ወጣች፤ ለእሱ ግን ይህ ከስድብ ሁሉ የባሰ ነው።

ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው። ነገ ያዲራን ጨምሮ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ተሰናብተው ይሄዳሉ። ግድግዳው ላይ እንደ ክብረ ወሰን በቀለም የሚጻፈው በዚህ ክፍል፣ በዚህ ክፍለ ጊዜ፣ ደወል ሳይደወል የተነሳ ክብደት ብቻ ነው። ከሴቶቹ ረድፍ አናት ላይ «ማክዳንኤል» ይላል። አሰልጣኟ ራሳቸው ናቸው፣ እዚሁ ተማሪ በነበሩ ጊዜ የጻፉት። «እባካችሁ ይህን ስም አውርዱልኝ፣ አቧራ ጠገበ!» ይላሉ ዘወትር። እስካሁን ያወረደላቸው የለም፤ ዛሬ ያዲራ ብረቱ ላይ የጫነችው ግን ከእሳቸው ይበልጣል።

«ለምን እኔን?» ይላል ኮልቢ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ብወድቅ ማንሳት የምትችለው አንተ ነሃ!» ያዲራ መዳፏን ታራግፋለች። «ካልጠራሁህ ግን አትንካ። ስሞት ብታይ እንኳ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ እንዲህ አይባልም።»

«ኮልቢ።»

«እሺ። አልነካም።»

«ሙዚቃውን ዝጉ!» ይላሉ አሰልጣኝ ማክዳንኤል። ዳሌዋ ከጉልበቷ በታች መውረዱን ለማየት ከጎኗ ወለሉ ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ። ያን ለማየት ሌላ መንገድ የለም። ሙዚቃው ሲጠፋ የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። ከምሳ ቤቱ የዶሮ ጥብስ ይሸታል።

ያዲራ ብረቱን ከማቆሚያው ታነሳለች። ግራና ቀኝ የተደረደረው ክብደት ተንቃጨለ፣ ዘንጉ ጎበጥ አለ። ኮልቢ ከኋላዋ ተጠግቶ ሁለት እጆቹን ከብረቱ ሥር፣ ሳያስነካ ዘረጋ።

ወረደች። ታች ደረሰች። መነሳት ጀመረችና፣ እዚያው ባለፈው ሳምንት የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች።

አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። እግሮቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ብረቱ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። «ጥሪኝ፣ ጥሪኝ እንጂ» ይላል ኮልቢ በልቡ። አትጠራውም። ጣቶቹ ወደ ብረቱ ሲሳቡ ይታወቀዋል፤ የሱ አይደሉም እንዴ፣ ለምን አይታዘዙትም?

አንዲት ላም ምጥ ጠንቶባት ሳለ አባቱ ያሉት ትዝ ይለዋል። እጁን ከላሟ ላይ አንስተው፣ «ተዋት ልጄ፣ ሥራው የሷ ነው» አሉት። ይህን ለያዲራ ቢነግራት ትገድለዋለች።

ያኔ ብረቱ ተነቃነቀ። የጥፍር ታህል። ደግሞ የጥፍር ታህል። ኮልቢ ጉልበት ማለት የራሱ ነገር ይመስለው ነበር፤ እስከዛሬ ጉልበት አይቶ እንደማያውቅ አሁን ገባው። ይህች ከትከሻው የማትደርስ ልጅ፣ ያን ሁሉ ብረት ከምን እንደምታመጣው በማያውቀው ነገር እየገፋች፣ እፊቱ ሽቅብ ታድጋለች። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አላፈረም።

ቀጥ ብላ ቆመች። ብረቱ ማቆሚያው ላይ ሲያርፍ ክፍሉ በጩኸት ተደበላለቀ፤ በዚያው ደወሉ ተደወለ። ወደ በሩ የሄደ ግን የለም።

አሰልጣኟ አገጫቸው ላይ አቧራ ይዘው ከወለሉ ይነሳሉ። «አወራረዷ ልክ ነው። እኔ እግሯን ነው ያየሁት።» ወደ ኮልቢ ይዞራሉ። «እጅህስ?»

ብሪያና እንኳ አትቀልድም።

ኮልቢ እስካሁን እንደዘረጋቸው የቀሩትን እጆቹን ገልብጦ ያሳያል። መዳፎቹ ላይ ላብ እንጂ ጠመኔ የለም።

«ቀለምና ብሩሽ አምጡልኝ» ይላሉ አሰልጣኝ ማክዳንኤል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ስማቸውን ቀና ብለው እያዩ።

ያዲራ ገና ትንፋሿ አልተመለሰም። ወደ ኮልቢ ትመጣና ሁለት እጆቿን መዳፎቹ ላይ አድርጋ አጥብቃ ትይዘዋለች። ስትለቀው መዳፎቹ ነጭ ሆነዋል።