የወፍጮ ቤቱ መንፈስና ሁለተኛዋ ጣት

የሙዚቃ አስተማሪያችን ሚስ ሃልቨርሰን ዘንጋቸውን ኖታው ላይ ጣል ያደርጉና ግንባራቸውን ይይዛሉ። «ልጆች፣ ይሄ መንፈስ አይደለም። ይሄ የልደት ድግስ ነው።»

እውነታቸውን ነው። «የወፍጮ ቤቱ መንፈስ» ለመናፍስቱ በዓል ለሃሎዊን ኮንሰርት ይሆነን እንደሆነ እየሞከርነው ነው። ዜማው የሚያስፈራው ሁለተኛዋ ጣት ክሩ ላይ ወደ ኋላ ሸሸት ስትልና ድምፁን ስታወርደው ብቻ ነው። የእኛ ጣት ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ጀምራ የለመደችው ወደ ፊት መቀመጥ ነው። ስለዚህ መንፈሱ ኬክ ይዞ ከች ይላል።

«አንድ ጊዜ እሰማችኋለሁ» ይላሉ ሚስ። «ካልሆነ ‹ዱባዎቹ ሲጨፍሩ›ን እንይዛለን። እሱ ጣት አያስቸግርም።»

ከአጠገቤ ጁኒፐር ደጋኗን ጭኗ ላይ ታጋድማለች። ከቫዮሊን ተለቅ፣ ድምፅዋም ወፈር የሚለውን ቪዮላ የምንጫወተው ከክፍሉ እኔና እሷ ብቻ ነን። በዱባዎቹ ውስጥ ቪዮላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፅ ነው፤ ዙም፣ ዙም፣ ዙም፤ ፍሪጅም ይችለዋል። በመንፈሱ ውስጥ ግን መሃል ላይ ሁሉም ዝም ይልና ቪዮላ ብቻዋን ታለቅሳለች። ጁኒፐር ያቺን ቦታ ሳምንቱን ሙሉ ቤቷ ስትለማመዳት ሰንብታለች። ውሻቸው አልጋ ስር ገብቶ አልወጣም ብላ በኩራት ነግራኛለች።

«አበቃልን» ትለኛለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

እጄን አወጣለሁ። «ሚስ፣ የባለ ኮንትራባሱን ነገር አልነገሯቸውም እንዴ?»

«የቱን ባለ ኮንትራባስ፣ ኮልተን?»

«እዚሁ ክፍል የጠፋውን ነዋ! ይሄንኑ ዜማ ሲጫወቱ አንዱ ጣቱን ወደ ፊት አስቀመጠና አበሳጨው። በንዴት ቁም ሣጥን የሚያክለው የገዛ ኮንትራባሱ ሆድ ውስጥ ገባ፣ በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ያቺን ስህተት ሲሰማ የተሳሳተውን ሰው መቃኛ ይፈታበታል።»

ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

«አንተ ቀጣፊ!» ይላል ብሬደን፣ የፊት ወንበሩ ቫዮሊን ተጫዋች። «መታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ውስጥ አዞ አለ ያልከንስ?»

«አዞውማ ለቀቀ። ጠበበኝ ብሎ።»

ሚስ ሳቃቸውን በሳል ይሸፍናሉ። እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ማሞቂያው የተከፈተው ዛሬ ጠዋት ነው። ሁልጊዜ በተከፈተ ቀን አየሩ ይደርቃል፣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ የአንዱ ክር መወጠሪያ መቃኛ መላቀቁ አይቀርም።

ዘንጉ ይነሳል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስንደርስ የብሬደን ጣት እንደ ልማዷ ወደ ፊት ትሄዳለች።

ቷ!

መቃኛው ተፈትቶ ክሩ ይልፈሰፈሳል። አንዲት ባለ ቼሎ ትጮሃለች። ብሬደን ቫዮሊኑን እባብ እንደያዘ ሰው ከፊቱ ያርቀዋል።

ሚስ ዘንጉን አያወርዱም። ዓይናቸው መጀመሪያ ማሞቂያው ላይ፣ ቀጥሎ እኔ ላይ ያርፋል። «ምን ያቆማችኋል? ቀጥሉ» ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ፊት የሚደፍር ጣት የለም። ኬኩም ሻማውም ይጠፋል። ወፍጮ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል፣ ጁኒፐርም ትገባለች፤ ቀስ ብላ፣ በር እንደሚገፋ ሰው። እኔም ከኋላዋ እከተላለሁ። ከቫዮሊኖቹ አንድም ሰው ወንበሩን አያንቋቋም።

ሚስ በግራ እጃቸው የዱባዎቹን ኖታ ዘግተው ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ።

ባለ ኮንትራባሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ አሁን፣ እዚሁ ወንበር ላይ። ሁለተኛዋ ጣቴ ግን ወደ ኋላ ሸሽታ፣ ክሩ ላይ ተለጥፋ፣ ወደ ፊት መሄድ አትደፍርም።